የልጅነት ባጊ፦ እንዳለች ትቀመጥ፣ ትታደስ ወይስ አዲስ ትገዛ?

ካርቶኑ ለብዙ ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ስከፍተው መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የደረቀ ጎማ፣ የቆየ ግራሶ፣ ትንሽ ደግሞ የተቃጠለ ሞተር። በልጅነቴ በሪሞት የምነዳት ትንሿ መኪና፣ ሆርኔቴ፣ ከታች ተኝታለች። የፊት ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል። ቦዲዋ አፍንጫው ላይ ተቀዷል። የሪሞቱ ባትሪዎች ፈስሰው መያዣቸው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሠርተዋል። ገልብጬ ሳያት ሆዷ ላይ በማርከር የተጻፈ ስሜን አገኘሁ። ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው በአፈር ሲፋቅ በላዩ ላይ ደግሜ ጽፌዋለሁ ማለት ነው።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የምገዛውን ዝርዝር ጻፍኩ። አዲስ ቦዲ፣ አዲስ ሻሲ፣ አዲስ ጎማ፣ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ሪሞት። ጨርሼ ሳነበው ከአሮጌዋ የሚቀረው ጥቂት ብሎን ብቻ ሆነ። ታዲያ ምኗን ላድስ ነው? ዝርዝሩን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መኪናዋ ልጅ ሆናችሁ የነዳችኋት የራሳችሁ መኪና ከሆነች የሚታየውን ጠብቁ፣ የማይታየውን ቀይሩ። በቅርቡ ከሌላ ሰው የገዛችኋት ከሆነች ግን ሂሳቡ ይለያል። የናንተ ያልሆነ ጭረት ምንም አያስታውሳችሁም፤ እንደ አዲስ ብታደርጓት ማንም አይቀየማችሁም።

በእጃችሁ ያለችው የትኛዋ ናት?

የዚያን ዘመን በሪሞት የሚነዱ ባጊዎች፣ ማለትም አፈርና ኮረኮንች ላይ የሚነዱ መኪኖች፣ ብዙዎቹ መጠናቸው የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ነው። አሠራራቸው ግን በጣም ይለያያል፤ ምርጫችሁን የሚወስነውም ይህ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሚያ የተባለው የጃፓን አምራች በ1979 ያወጣት ሳንድ ስኮርቸር ብረት የበዛባት ናት። የፊት እግሮቿ ተንጠልጣይ ክፍል ከተቀለጠ ብረት የተጣለ ነው፤ ቦዲዋም የቮልስዋገን ቅርጽ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ስታረጅ ትደበዝዛለች እንጂ ቶሎ አትሰባበርም። የ1983ዋ ፍሮግ፣ የ1984ዎቹ ግራስሆፐርና ሆርኔት ደግሞ ከሞላ ጎደል ፕላስቲክ ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ብሎናቸው ጥቂት ነው፣ ለጀማሪ አዳሽ እንደ እነሱ የሚመች የለም። የ1985ዋ ሆትሾት በአራቱም ጎማ የምትነዳ ናት። ከፊት አንድ ሾክ አብዞርበር፣ ከኋላም አንድ ብቻ አላት፤ አንዷን ትንሽ ዕቃ ለማግኘት ግማሽ መኪና መፍታት አለባችሁ። የመጀመሪያ ሥራችሁ እሷ ከሆነች ትዕግስት ያዙ።

ከሌላው የጃፓን አምራች ከኪዮሾ በኩል የ1982ዋ ስኮርፒዮንና የ1985ዋ ኦፕቲማ አሉ። ኦፕቲማ ኃይሉን ወደ ፊት ጎማዎች የምታስተላልፈው በሰንሰለት ነው። የአሜሪካዊው ቲም አሶሼትድ አርሲ 10 በ1984 ወጣች፤ በወርቃማ ቀለም የተነከረ የአሉሚኒየም ሻሲ ያላት እሷ ናት። በ1985 በተደረገው የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ መጠን ባጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ጄይ ሃልሲ በሁለት ጎማ ነጂዎች ምድብ ያሸነፈው በእሷ ነው። አርሲ 10 ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ወርቃማ ቀለም ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን የአሉሚኒየሙ ቆዳ ነው። በብረት ማጽጃ ከተወለወለ ወይም የምድጃ ማጽጃን የመሰለ ኃይለኛ ኬሚካል ከነካው ይለቃል፤ ከለቀቀ በኋላ ቤት ውስጥ አይመለስም። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ እንደገና ተመርተዋል። ሆርኔት በ2004፣ ግራስሆፐርና ፍሮግ በ2005፣ ሆትሾት በ2007፣ ሳንድ ስኮርቸር በ2010፣ አርሲ 10 በ2013፣ ስኮርፒዮን በ2014፣ ኦፕቲማ በ2016። መኪናችሁ ዳግም ምርት ካላት አዲስ መለዋወጫ አለ ማለት ነው። ከሌላት የምትፈልጉት ዕቃ ያለው ሌሎች ሰዎች ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱ በጭራሽ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ማጽዳትና መተው ነው። ትፈታላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ የፈሰሰ ባትሪ ታወጣላችሁ፣ መልሳችሁ ትገጥማላችሁ፣ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ያየዋል። እኔ አላየውም። በጣም ያልተነካች መኪና ካለቻችሁ፣ ስቲከሮቿ ከነጠርዛቸው ያሉ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። የተቀየረን ዕቃ መመለስ ይቻላል፤ የተላጠ ስቲከር ግን ሄደ በቃ።

ሁለተኛው በዘመኑ ዕቃ ብቻ ሙሉ በሙሉ ማደስ ነው። ከነማሸጊያው የተቀመጠ፣ ያልተነካ የያኔ ዕቃ እያሳደዱ መግጠም። ውጤቱ ያምራል። ነገር ግን ሁለት እውነቶች አሉ። አንደኛ፣ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ አንድ ትንሽ ፕላስቲክ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ በማሸጊያ ውስጥ የተቀመጠ ፕላስቲክም ያረጃል። ናይሎን ይደርቃል፣ ጎማ ይጠነክራል፣ የሾክ ማኅተሞች ይሰነጠቃሉ። ያልተነካ ማለት አዲስ ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የታደሰች መኪና ለዓይን እንጂ ለመንዳት አትሆንም። ይህን ተቀብላችሁ ከገባችሁበት ደስ የሚል ሥራ ነው።

ሦስተኛው ድብልቁ ነው። የራሷ ሻሲ፣ የራሷ ቦዲ፣ የራሷ ቸርኬዎች ይቆያሉ። የሚያልቁት ነገሮች ከዳግም ምርት ይገባሉ። ኤሌክትሪኩ የዛሬ ይሆናል። የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ የቀረው ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

አራተኛው አሮጌዋን ትቶ የዳግም ምርቱን ሙሉ ኪት፣ ማለትም ራሳችሁ የምትገጣጥሙትን ሙሉ ዕቃ፣ መግዛት ነው። ከግማሽ በላይ ዕቃዋ ከጎደለ ወይም ሻሲዋ ለሁለት ከተሰነጠቀ ይህ ያዋጣል። መለዋወጫ በነጠላ በነጠላ ስትሰበስቡ ሳታስቡት ከሙሉ ኪት በላይ ልታወጡ ትችላላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው፦ አዲሷን እየነዳችሁ አሮጌዋን ማሳረፍ ትችላላችሁ። ልጅ ካላችሁ ደግሞ ኪቱን አብራችሁ መገጣጠም በራሱ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ዳግም ምርት ማለት ቅጂ ማለት አይደለም። አምራቾቹ የታወቁ ድክመቶችን አርመዋል። ለምሳሌ የመጀመሪያዋ ፍሮግ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች መጋጠሚያቸው ቶሎ ይበላ ነበር፤ በዳግም ምርቷ ላይ አሠራሩ ተለውጧል። ስለዚህ የአዲሷ ዕቃ ሁሉ አሮጌዋ ላይ ይገባል ብላችሁ አትዘዙ። የምትፈልጉትን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም የመገጣጠሚያ መመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ መፍታት አለ። እዚህ ጋ ነው ብዙ መኪና የሚበላሸው።

የጃፓን መኪኖች ብሎን ጭንቅላቱ ተራ መስቀል ይመስላል። የተሠራው ግን ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ ነው። ተራው ፊሊፕስ ካቻቪቴ እስከ ታች አይቀመጥበትም። ጫን ብላችሁ ስታዞሩት ይሾልክና የመስቀሉን ጥርስ ይበላዋል። የጃፓን ደረጃ ካቻቪቴ አንድ ብቻ ግዙ። ለዚህ ሥራ ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ የመጀመሪያው ይሁን።

ሲገጠም ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ብሎኑን ፕላስቲኩ ቀዳዳ ላይ አስቀምጡና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ በቀስታ አዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ትንሽ ሲወርድ በጣታችሁ ይሰማችኋል። የድሮው ጥርስ መግቢያ እሱ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቁ። ዝም ብላችሁ ካጠበቃችሁት ብሎኑ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ቀዳዳው ሰፍቶ ምንም አይዝም። የኔዋ ላይ ከባትሪ ክዳኑ አጠገብ ያለው አንድ ቀዳዳ እንዲህ ሆኗል። ያኔ በ12 ዓመቴ ማን ይነግረኛል።

በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን እንደ ርዝመታቸው ለይታችሁ አስቀምጡ። ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ፕላስቲኩን በሌላ በኩል ይበሳዋል።

ፕላስቲኩ፦ ማዳን ወይስ መቀየር?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ግድ ነው። አንድ መኪና ላይ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ ሊኖር ይችላል፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድለዋል።

ናይሎን በአብዛኛው የሚገኘው እንቅስቃሴ ባለበት ነው፤ እግሮቹ፣ መሪ መያዣዎቹ፣ አንዳንዴም ቸርኬው። ናይሎን ውስጡ ትንሽ እርጥበት ይፈልጋል። ለዓመታት ሲቀመጥ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሆናል። መፍትሔው ይገርማል፦ ውሃ ውስጥ ቀቅሉት። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት አፍልታችሁ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሲወጣ የመተጣጠፍ ኃይሉ ተመልሶ ታዩታላችሁ። ነጩ ናይሎን ቢጫ ከሆነም የጨርቅ ማቅለሚያ ይቀበላል፤ ጥቁር ብታደርጉት ያምራል፣ ግን ከመጀመሪያው መልኩ ወጣ ማለት ነው። በሙጫ ግን አትድከሙ፤ ናይሎንን ሙጫ አይዘውም። ከተሰበረ ይቀየራል።

ኤቢኤስ ጠንካራውና ቀዝቃዛው ፕላስቲክ ነው። የሆርኔት ሻሲ ከእሱ ነው። እሱን ብትቀቅሉት ይጣመማል፣ አይሞከርም። ስንጥቁን ግን ለመጠገን ይመቻል። ከኪት የተረፈ የኤቢኤስ ቁራጭ ትንሽ አሴቶን ውስጥ ስታሟሙት እንደ ወፍራም ሙጫ ይሆናል። ስንጥቁን ከውስጥ በኩል በዚያ ስትሞሉት ሁለቱ ወገኖች ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። አንድ ሌሊት ይደር። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትሥሩ።

ነጭ ጠንካራ ፕላስቲክ ቢጫ ሲሆን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ማንጣት እንደሚቻል ሰምታችሁ ይሆናል። ይሠራል። እኔ ግን ብዙም አልመክርም። ፈሳሹ እኩል ካልዳረሰ ዥንጉርጉር ያደርገዋል፤ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። የግድ ካላችሁ በማይታይ ቁራጭ ሞክሩና ጓንት አድርጉ።

ሦስተኛው ፖሊካርቦኔት ነው፤ ስስና ተጣጣፊ ቦዲ። ቀለሙ የሚቀባው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የምናየው የሚያብረቀርቅ ነገር ፕላስቲኩ ራሱ ነው። አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን አጠገቡ አይድረሱ። ሱፐር ግሉም ቢሆን ጭሱ ብቻ ነጭ ጉም ያለብሰዋል።

ቦዲዋ ላይ ነው ትልቁ ውሳኔ። አዲስ ቦዲ ገዝታችሁ ቀለም መቀባት ትችላላችሁ፣ ወይም አሮጌውን ማቆየት። የኔ መልስ ሁለቱንም ነው። አሮጌው ቦዲ ለመደርደሪያ፣ አዲሱ ለመንዳት። አሮጌው ላይ የምሠራው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ እበሳለሁ፤ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። ከውስጥ በኩል የፋይበር መረብ ቴፕ አስቀምጬ በላዩ ላይ የጫማ ሶል የሚጠግነውን ዓይነት ተለጣጭ ሙጫ እቀባለሁ። የሚረግፍ ቀለም ካለ ከውስጥ በስሱ የፖሊካርቦኔት ቀለም ይደገፋል። ከውጭ አልነካም። ያ ጭረት ከደረጃ ላይ የወደቀች ቀን ያገኘችው ነው፤ ለምን ብዬ አጠፋዋለሁ?

አዲሱን ቦዲ ስትቀቡ ሁለት ነገር አትርሱ። የፖሊካርቦኔት ቀለምና የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለም ለየቅል ናቸው፤ በታሚያ ጣሳዎች ላይ የመጀመሪያው ፒኤስ፣ ሁለተኛው ቲኤስ ተብሎ ይጻፋል። ከተምታታ ቦዲው ሲተጣጠፍ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ደግሞ ከውስጥ ስለሚቀባ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የረጫችሁት ነው ከውጭ የሚታየው። ስለዚህ ጥቁሩንና ትንንሹን ጌጥ አስቀድሙ፣ ሰፊውንና ፈዛዛውን ቀለም አስከትሉ።

ኤሌክትሪኩ፦ እዚህ ላይ አታመንቱ

ስለ ፕላስቲኩ ያን ያህል ወግ አጥባቂ ሆኜ ስለ ኤሌክትሪኩ ግን እንዲህ አይደለሁም። ለመደርደሪያ ከሆነ የድሮው ሁሉ ቦታው ላይ ይቀመጥ። ለመንዳት ከሆነ ግን ቀይሩት።

የድሮው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሜካኒካል ነው። አንድ ሰርቮ (ከሪሞቱ ትእዛዝ ሲደርሰው ክንድ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) የመዳብ ክንዱን በመገናኛዎች ላይ ያንሸራትተዋል፤ ዝግ ያለው ፍጥነት የሚገኘው ትርፉን ኃይል በሴራሚክ ሬዚስተር ወደ ሙቀት በመቀየር ነው። ሬዚስተሩ ጣት ያቃጥላል። ባትሪውም በከንቱ ያልቃል። ይህን የምታውቁት ትዝታ ስላላችሁ ነው፤ ዝግ ብላችሁ ስትነዱ የሚመጣው የትኩስ ብረት ሽታ እሱ ነበር። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም፣ አንዱን ሰርቮ ያስቀራል፣ ፍጥነቱንም በደረጃ ሳይሆን በልስላሴ ይጨምራል። መንዳቱ በጣም ይለያል።

ሪሞቱም እንዲሁ። የድሮዎቹ በብዙ ቦታ በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ነበሩ። ቻናሉን የሚወስነው ክሪስታል የሚባለው ትንሽ ተሰኪ ነው፤ ስድስት ቻናል፣ ስድስት ቀለም፣ ከቡናማ እስከ ሰማያዊ። ጓደኛችሁ ተመሳሳይ ቀለም ከያዘ አብራችሁ መንዳት አትችሉም ነበር፤ አንዱ ሲያበራ የሌላው መኪና ያብዳል። ዋናው ችግር ግን ይህ አይደለም። ሲግናሉ ሲጠፋ መኪናዋ ባለችበት ፍጥነት ልትቀጥል ትችላለች። የዛሬዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቶች ሲግናል ሲጠፋ ራሳቸው ወደ ማቆሚያ እንዲመለሱ ይስተካከላሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ አስተካክሉት። አንድ አሮጌና ውድ ቦዲ ከግድግዳ ጋር ከተላተመ በኋላ ማስተካከሉ አይጠቅምም።

የድሮ ሰርቮ ከአዲስ ተቀባይ (መኪናዋ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል ከሚቀበለው) ጋር ለማገናኘት ካሰባችሁ ቆም በሉ። የድሮ ሰርቮዎች የሽቦ ቅደም ተከተል ከዛሬው ሊለይ ይችላል። መሰኪያው ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በመለኪያ ሳታረጋግጡ አትሰኩ።

የፈሰሰ ባትሪን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ያ ዱቄት አልካላይን ነው። ጓንት አድርጋችሁ በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ጥረጉት፤ ትንሽ ይፈላል፣ ከዚያ በአልኮል አጽዱት። ለቅርስነት እንኳን ቢሆን የድሮውን ኒኬል ካድሚየም ባትሪ መኪናዋ ውስጥ አትተዉት። ካድሚየም መርዝ ስለሆነም ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ አይቃጠልም፤ የአሮጌ ባትሪ መሰብሰቢያ ወዳለበት ይሂድ።

ባትሪ፦ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ወይስ ሊፖ?

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። እንደ ድሮው 6 ሴል፣ 7.2 ቮልት ነው። ቅርጹ ክብ ሴሎች ስለሆኑ የድሮ ሻሲዎች ባትሪ ማስቀመጫ ውስጥ ልክ ብሎ ይገባል። ሜካኒካሉን መቆጣጠሪያ እንዳለ ለማቆየት ከወሰናችሁም ያለ ስጋት ይሠራል።

ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ቀላልና ኃይለኛ ነው። ባለ ሁለት ሴሉ በስም 7.4 ቮልት ይባላል፤ ሙሉ ሲሆን 8.4 ይደርሳል። ኃይሉንም እስከ መጨረሻው ሳያወርድ ይሰጣል። ሦስት ነገር ግን አሉበት። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ብዙዎቹ አራት ማዕዘን ስለሆኑ ለክብ ሴል የተሠራ ማስቀመጫ ውስጥ አይገቡም፤ ጠርዛቸው የከበበውን ፈልጉ፣ ሻሲውን ግን በፍጹም አትሞርዱት። ሁለተኛ፣ አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ሜካኒካል መቆጣጠሪያ ይህን አያውቅም፤ በጊዜው የሚያቆም ኤሌክትሮኒክ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ በድሮው ቻርጀር ሊፖ መሙላት እሳት መጥራት ነው። የራሱ ቻርጀር ይኑረው፣ ሲሞላም አጠገቡ ሁኑ።

ሞተር

ሆርኔት ከፋብሪካ የመጣችው በ540 መጠን ሞተር ነው፤ ግራስሆፐር በትንሹ 380። 540 አሁንም አዲስ ይገኛል፤ ለእነዚህ መኪኖች በቂ ነው። ብራሽለስ፣ ማለትም ካርቦን የሌለው ኃይለኛ ሞተር፣ መግጠም ትችላላችሁ፤ መጠኑ ይገባል። እኔ አልገጥምም። እነዚህ የፕላስቲክ ማርሽ ሳጥኖች የተሠሩት ለትንሽ ኃይል ነው። ሆርኔት የኋላ እግሮቿ ሁለቱም በአንድ ግትር ዘንግ ላይ ናቸው፤ እንዳለችው እንኳን ኮረኮንች ላይ ትዘላለች፣ ኃይል ሲጨመርባት መቆጣጠሩ ይከብዳል። ትንሽ ፈጠን እንድትል ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ትንሽ ብቻ የሚፈጥን ባለ ካርቦን ሞተር ይበቃል። ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ የዙር ቁጥር ሲያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በጣም አትውረዱ።

የድሮውን ሞተር ለማቆየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልት፣ 3 ቮልት አካባቢ፣ ያለ ጭነት አሽከርክሩት። ብልጭታው በዝቶ ድምፁ ከሻከረ ካርቦኑ አልቋል፤ ጡረታ ይውጣ። ሞተሩ ላይ የተበየዱትን ትንንሽ ካፓሲተሮች ግን አትንቀሉ። የሚያፍኑት የሬዲዮ ረብሻን ነው።

ኩሽኔታ፣ ሾክና ጎማ

ለትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ቢኖር ኩሽኔታ ነው። ብዙዎቹ ኪቶች የሚመጡት በፕላስቲክ ወይም በነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉ በሚዞርበት ተራ ቀለበት፣ ነበር። አፈር ሲገባባቸው ዘንጉን ይበላሉ። በብዙ የታሚያ መኪኖች ላይ የሚገባው 11 በ5 በ4 ሚሊሜትር የሆነው ኩሽኔታ ነው፤ ማዘዝ ግን ቡሾቹን ለክቶ ነው። ከውጭ አይታይም። ማንም አይለየውም። ጎማውን በጣት መታ አድርጋችሁ ስትለቁት ዝም ብሎ ሲሽከረከር ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

የማርሽ ሳጥኑ ግራሶ እንደ ሰም ደርቆ ታገኙታላችሁ። ሙሉ በሙሉ አውጡና ለፕላስቲክ የሚሆን አዲስ ግራሶ በስሱ ቀቡ። ሆርኔት ከኋላ የዘይት ሾክ፣ ከፊት ደግሞ ሞላና ሰበቃ ብቻ ያለው ነው ያላት። የኋላዎቹን የጎማ ቀለበቶች ቀይራችሁ የሲሊኮን ዘይት ሙሉ። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ ማኅተሙን ያሳብጠዋል።

ጎማ ላይ ብዙ የሚነጻጸር የለም። የጠነከረ ጎማ አይለሰልስም። በዘይትና በቅባት የሚያብረቀርቁት ሰዎች አሉ፤ ለፎቶ ያምራል፣ መሬት ሲነካ ግን እንደ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ስንጥቁም ይብሳል። ለመንዳት አዲስ ጎማ ግዙ። አዲሶቹን ካደረጋችሁ በኋላ መኪናዋን በጎማዋ አታቁሟት፤ ክብደቷ አንዱን ጎን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ሆዷ ስር ማቆሚያ አስገቡ።

መጀመሪያ ስታስነሷትም እዚያው ማቆሚያው ላይ ትሁን፣ ጎማዎቿ አየር ላይ። መሪው በትክክለኛው አቅጣጫ መዞሩን፣ ሪሞቱን ስታጠፉ ሞተሩ መቆሙን እዩ። ከዚያ 5 ደቂቃ ብቻ ንዱና ሞተሩን ንኩት። ጣት መያዝ ካልቻለ አንድ ቦታ የሚይዛት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ በጣም የተጠጋጋ ማርሽ ወይም በጣም የጠበቀ የጎማ ብሎን ነው።

ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ አንዱንም አትጣሉ። እያንዳንዱን በትንሽ ፌስታል አድርጉና ከየት እንደወጣ ጻፉበት። የኔዋ ካርቶን ውስጥ አሁን 11 ፌስታል አለ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው የፊት ጎማ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን አፈር ሆን ብዬ አላጠብኩትም።